የግራዝማች ዳኛው ጾመኛ ድመት

«ድመቷ እንኳ ትጾም የለም ወይ!»

ግራዝማች ዳኛው ይህን ያሉት ለሚስታቸው ለወይዘሮ ይመኙሽ ነው፤ የተባለው ግን ጓዳ በር ላይ ቆማ የሁለት ወር ልጇን እሽሩሩ ለምትለው ለምራታቸው ለአባይነሽ ነበር። በዚያ ቤት ለምራት የሚነገር ነገር ሁሉ በአማት በኩል ዞሮ ነው የሚደርሳት፤ ቁጣም ቢሆን፣ ምርቃትም ቢሆን። ወይዘሮ ይመኙሽም ብዙ አላሉም። ላሟን እያለቡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የልጅቱ ጡት እየነጠፈ መሰለኝ» ብቻ ነው ያሉት። ግራዝማች ግን የነገሩ መድረሻ ወዲያው ገባቸው፤ ወደ ወተቱ ነው። ወተት ደግሞ በሁዳዴ፣ ያውም ገና ደብረ ዘይት ሳይደርስ፣ በእሳቸው ቤት የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ የሚሸጥ ነገር ነው። ስለዚህ በከዘራቸው ወደ ግንቡ ጥግ አመለከቱ። እውነትም ድመቷ እዚያ ፀሐይ እየሞቀች ተጋድማለች፤ ጀርባዋን ለወተቱ ሰጥታ፣ ዓይኗን ከድና፣ ሆዷን ዘርግታ። ሌላ ጊዜ ላም ሲታለብ በሰው እግር መካከል እየተሽሎከለከች አላሳልብ የምትል ድመት፣ ሁዳዴ ከያዘ ወዲህ ወተት ዞር ብላ አላየችም። ይባስ ብላ ወፍራለች።

ግራዝማችን ስስታም ነዎት ቢሏቸው ይቆጣሉ፤ እሳቸው አያያዝ ዐዋቂ ነኝ ባይ ናቸው። በእንስሳ አያያዝማ በከተማው የሚስተካከላቸው የለም፤ ይህን የሚመሰክሩትም ራሳቸው ናቸው። በቅሏቸውን ገብስ ፈጀች ብለው ሸጠው ልጓሟን አስቀርተዋል፤ ልጓም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ክብር ይሰጣል፣ ገብስ ግን አይጠይቅም። ውሻ አያሳድጉም፤ የጎረቤት ውሻ የሚጮኸው ለሰፈሩ ሁሉ ነው ይላሉ። ላሟን ግን በደንብ ይቀልቧታል፤ ላም የበላችውን ትከፍላለች። ስለ ድመት ያላቸው ሕግ አንድ ነው፤ የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም። ድመቷም እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ከግራዝማች ያገኘችው ነገር ቢኖር «ውጪ!» የሚለው ቃል ነው። ሁዳዴ ገብቶ ወተት መመኘቷን ስትተው ጊዜ ግራዝማች መጀመሪያ ተገረሙ፣ ቀጥሎ ደስ አላቸው፣ በሦስተኛው ሳምንት ኮሩ። በማኅበር አወሩት፣ በደጀ ሰላም አወሩት። «አራዊት ሲጾም የሚሰማው በቅዱሳን ዘመን ነበር፤ እኔ ግን በቤቴ፣ በዓይኔ አየሁት» አሉ። አንዳንድ ሽማግሌም «አያ ዳኛው፣ እውነትዎን ነው?» እያለ መጣ፤ አጥሩን ተደግፎ ድመቷን አይቶ፣ አማትቦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ራበኝ ማለት ከድመት ማነስ ሆነ።

ለአባይነሽ ጡትም ቢሆን ግራዝማች መድኃኒት ሳያዝዙ አልቀሩም። «ውኃ ትጠጣ። ላሟም ውኃ ጠጥታ ነው ወተት የምትሰጠው» አሉ፤ ይህንንም ለሚስታቸው። ወይዘሮ ይመኙሽ ማለባቸውን ቀጠሉ። በየጧቱ አብሽ በጥብጠው ጓዳ መስኮት ላይ ያኖሩላታል፤ እንኳን ጠጪው ሊሏት፣ ለማን እንደሆነ እንኳ አይናገሩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከግራዝማች ጋር የኖረች ሴት ሥራዋን ሳትናገር መሥራት ትማራለች። ዛሬም የታለበውን በጠርሙስ ሞልተው፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፈው፣ ለአባይነሽ ሰጧት። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ወጣች።

ቤቱ ጣሊያን ላንድ ሹሙ ያሠራው የግንብ ቤት ነው፤ ጎንደር ውስጥ፣ ከእስላሞቹ ሰፈር ከአዲስ ዓለም ትንሽ ከፍ ብሎ። ጣሊያን ሲወጣ ግማሹ ለግራዝማች ለአርበኝነታቸው ተሰጣቸው፤ ግማሹን ከማሉዲን የሚባል የአቡጀዲ ነጋዴ ገዛው። ጣራው አንድ ነው፤ በመካከሉ ግድግዳ ገብቶበታል፣ በጓሮ በኩል ደግሞ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። ከወዲህ ዳዊት ሲደገም ከወዲያ ይሰማል፤ ከወዲያ ሽንኩርት ሲቁላላ ከወዲህ ይሸታል። ሥጋ አብረው አይበሉም፤ የክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ የሙስሊሙም ለክርስቲያኑ አይሆንም፤ ከአባት የወረደ ነገር ነውና ማንም አይቀየምበትም። ወተት ግን ወተት ነው። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ክርስቲያኑ ወተት በተወበት ሰሞን ሙስሊሙ ለማፍጠሪያው ወተት ፈለገ። ግራዝማች ይህ የእግዜር ሥራ ነው ብለው አመሰገኑ፤ አመስግነውም በጠርሙሱ ላይ አምስት ሳንቲም ጨመሩ።

አባይነሽ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ፋንታሁን፣ የግራዝማች ልጅ፣ የጭነት ማኪና ይነዳል፤ አዲ አርቃይ ወርዶ ወደ አስመራ ያልፋል፤ ሲመለስ ደመወዙን ለአባቱ ያስረክብና ዓይኑን መሬት ተክሎ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት አባይነሽ ልጅቷን ሆስፒታል ወስዳት ነበር፤ የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ መዝኖ «እናትየዋ ወተትና እንቁላል ታግኝ፤ ያለዚያ ልጅቷ አትበረታም» አላት። እንቁላሉ ለፋሲካ ገበያ ይጠራቀማል። ወተቱ ይኸው በእጇ ነው። የቸገረው ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል። የአባይነሽ ላም በሰማይ አይደለችም፤ ደጅ ታስራ ታመነዥጋለች፤ ወተቷንም በየቀኑ ታየዋለች፣ ተሸክማም ለሰው ታደርሰዋለች። አዝናለች፣ ተናድዳለችም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ፈርታለች። ልጅቷ ጡቷን ስባ ስባ ስታጣ የምታሰማው ልቅሶ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ መጥቶባታል።

የከማሉዲንን ሚስት ሐዲጃን ለማታው ማፍጠሪያ የበግ ሥጋ ስትከትፍ አገኘቻት። ድመቷ ቀድማታለች፤ በካቡ ዘልላ ገብታ የስንዴ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። አጠገቧ ያለው ሳሕን ታጥቦ የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ተልሷል። የከማሉዲን ቤተ ሰብ ጎሕ ሳይቀድ ከሚበሉት የተረፈው ሥጋ የድመቷ ነው፤ ማታ ደግሞ ከወተቱ ይቀዳላታል። እንግዲህ የግራዝማች ድመት የግራዝማችን ወተት በከማሉዲን ገንዘብ ትጠጣለች፤ ጠግባ ስትመለስ ለግራዝማች ትጾምላቸዋለች። አባይነሽ ይህን ካወቀች ሰንብታለች። አልተናገረችም፤ በዚያ ቤት ምራትን ምን አየሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደግሞም ከቤቱ ፍጡር ሁሉ አንዲቱ እንኳ ጠግባ የምታድር ከሆነች እሷንም ማሳጣት ግፍ መስሎ ታይቷታል።

ሐዲጃ እጇን ታጥባ ልጅቷን ተቀበለቻት፤ እንደ መመዘን አለችና ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው እህቴ፣ ቀለለችብኝሳ!»

አባይነሽ ጠርሙሱን ከመደቡ ላይ አኖረች።

«እንኪ ጠጪ» አለች ሐዲጃ በሲኒ ቀድታ፤ «የናንተው ላም ናት። እኔ እንደሆን ለማንም አልናገር።»

«እግዜር ያያል እትዬ ሐዲጃ። የንስሐ አባቴ ሳይፈቱኝ እንዴት አድርጌ? ዛሬ ይመጣሉ አሉ። ከፈቀዱልኝ ከነገ ጀምሮ እቤቴ እጠጣለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አለች ሐዲጃ። ልጅቷን ግን ቶሎ አልመለሰችላትም፤ አቅፋት ወዲህ ወዲያ አለች። በሲኒ የተቀዳውን ድመቷ ተነሥታ ጠጣችው።

የንስሐ አባቱ አባ ወልደኢየሱስ የመጡት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ጥላ ሲረዝም ነው። ማን እንደጠራቸው አልተነገረም። ወይዘሮ ይመኙሽ እሑድ እስከ አባ ደብር እስከ ቁስቋም ወጥተው ዘግይተው ተመልሰው ነበር፤ የት ቆዩ ሲባሉ ዳገቱን አመካኙ። ግራዝማች ግን አባ ድመቷን ሊያዩ የመጡ መሰላቸውና ደስታቸው ወሰን አጣ። ከጣሊያኑ የሽቦ አልጋ ፊት ለፊት፣ ከልጓሙ ሥር፣ እግሩ የማይነቃነቀውን ወንበር ሰጧቸው። ጠላ ተቀዳ፣ የሱፍ ፍትፍት ቀረበ። ስለ በልግ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ጨው መወደድ አወሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ ይልበስ አይልበስ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከሩ። አባይነሽ ልጇን ታቅፋ ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ከአሁን አሁን ስሜ ይነሣል እያለች ጠላውን ቀድታ አትጨርስም።

ግራዝማች ጊዜው ደርሷል ብለው ተነሡ። ራሳቸው ወተት በሳሕን ቀዱ። ሁዳዴ ከገባ በዚያ ቤት ለፍጡር ወተት ሲቀዳ የመጀመሪያው ነበር። ሳሕኑን በወለሉ መካከል አኖሩና ድመቷን ጠሯት። ድመቷ ከደጅ እየተንጠራራች መጣች፤ ወተቱን አንዴ አሸተተች፤ የነካት ነገር እንዳለ ሁሉ እግሯን አራግፋ ፊቷን አዞረች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ደረቷን ትልስ ጀመር።

«አዩልኝ አባ! ለእንስሳ የተገለጠ ለሰው ይሰወር? ደግሞ ውፍረቷን ይመልከቱ፤ ጾም ሰውነትን ይጎዳል ያለ ማን ነው? ይህች ልጅ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት። ድሬሰር የሚሉት ደግሞ ሃይማኖት የለው፤ ወተት ይላል፣ እንቁላል ይላል።»

አባ ወልደኢየሱስ ድመቷን ትኩር ብለው አዩአት። በሕይወታቸው ብዙ ጾመኛ አይተዋል፤ ራሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሆድ ያለው ጾመኛ ግን አጋጥሟቸው አያውቅም። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞሩና «ሕፃኗን አምጫት እስቲ ልጄ» አሉ። አባይነሽ አመጣችላቸው። አባ የልጅቷን ክንድ በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ በመስቀላቸው ባረኳት።

«በሕፃን ላይ ጾም የለም» አሉ በመጨረሻ። «ይህች ሕፃን ደግሞ ምግቧ እናቷ ናት። ፈትቼሻለሁ ልጄ። ወተቱንም ጠጪ፣ እንቁላሉንም ብዪ። ኃጢአት ቢሆን በእኔ ይሁን።»

አባይነሽ መስቀሉን ስትሳለም እንባዋ በአባ እጅ ላይ ወረደ። ግራዝማች ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ በወለሉ ላይ አንኳኩ። ከተሸነፉ በኋላ የሚናገሩት ነገር ሁልጊዜ በጨዋ ድምፅ ነው።

«መልካም። ፈቃዱ የእርስዎ ነው አባ፤ አልጋፋዎትም። ላሟ ግን የእኔ ናት።»

ወይዘሮ ይመኙሽ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያሻሉ። አባ ጠላቸውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አኖሩት። አባይነሽ በአንድ አፍታ ተፈትታ በአንድ አፍታ መልሳ ታሰረች፤ ልጇን ከአባ እጅ ተቀብላ ወደ ጓዳዋ ለመመለስ ዞረች።

ድመቷ መቼ እንደወጣች ማንም ልብ አላለም፤ ስትመለስ ግን ሁሉም አያት። በካቡ ዘልላ፣ በደጁ ገብታ፣ በአባ እግርና በግራዝማች ከዘራ መካከል ቀጥ ብላ አልፋ፣ በአፏ የበግ ጎድን ከነሥጋው ነክሳ ወደ ጓዳ ዘለቀች። በሁዳዴ፣ በንስሐ አባት ፊት! ግራዝማች ተከተሏት፤ አባም ተከተሉ። ከጤፍ ጎታው ጀርባ ክዳኑ የማይገጥም አሮጌ ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ግራዝማች ለጥምቀት ብቻ የሚለብሱት ባለወርቅ ጥልፍ ካባ አለ፤ በካባው ላይ ደግሞ አራት የድመት ልጆች አሉ። ግራዝማች ከሳጥኑ ውስጥ ስስ ድምፅ መስማት ከጀመሩ ሳምንታት አልፈዋል፤ አይጥ ነው፣ ድመቷ ርቧታልና ትጨርሰዋለች እያሉ ደስ ብሏቸው ይተኙ ነበር። አሁን እነዚያ አይጦች የከማሉዲንን በግ በወርቁ ጥልፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። ወይዘሮ ይመኙሽ ብቻ ምንም አልደነቃቸውም፤ ሳጥኑ ውስጥ ከካባው በታች እንዲሞቃቸው የእሳቸው አሮጌ ቡልኮ ተነጥፎ ነበር።

«የእስላም ሥጋ!» አሉ ግራዝማች ድምፃቸው ተቆራርጦ፤ «በእኔ ካባ ላይ!»

አባ ወልደኢየሱስ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባል የለ? ደግሞስ የምታጠባ ናት ግራዝማች፤ ምን ታድርግ?»

ግራዝማች ጎታውን ተደግፈው አሰቡ። ያሰቡት ስለ ካባው ብቻ አልነበረም። ቢያባርሯት እነዚያ ሊያዩዋት የመጡት ሽማግሌዎች ጾመኛዋስ የት ገባች ይላሉ። እንዳሻት ብትወጣ ብትገባ ደግሞ አንድ ቀን አጥንቷን ነክሳ ማኅበርተኛው መካከል ትገባለች፤ ያን ጊዜ የጎንደር ሕዝብ መሳቂያ መሆናቸው ነው። በገንዘብ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰው በስማቸው ላይ እንዲህ ያለ ኪሳራ ሊመጣ ነው። ስለዚህ ፈረዱ፤ ድመቷ እስከ ፋሲካ ከነልጆቿ ጓዳ ተዘግቶባት ትቀመጥ፤ የሰው ቤት እንዳትመኝም ማታ ማታ ወተት ይሰጣት።

«ለድመቷ?» አሉ አባ ቅንድባቸውን አንሥተው።

«እንስሳ ነፍስ የላትም አባ፤ አይቆጠርባትም። የሰው ዋጋው በሰማይ ነው።»

ጧት ከቅዱሳን ዘመን አራዊት ጋር ተቆጥራ የነበረችው ድመት እንዲህ በአንድ ቃል ተራ ድመት ሆነች። አባ ተሰናብተው ወጡ። ወይዘሮ ይመኙሽ እስከ አጥሩ በር ሸኟቸው፤ አባም መስቀላቸውን እያሳለሙ «የፈቀድሁት እንደተፈቀደ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ይመኙሽ «አሜን» አሉ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ላሟ ታለበች። ግራዝማች የቡና ሲኒ ይዘው ቀረቡ፤ ለድመት ሲኒ መቼ አነሳት። ወይዘሮ ይመኙሽ ሲኒውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ምን ትሆናታለች? የምታጠባ ናት። ካልጠገበች ደግሞ መስኮቱን ፍቃም ቢሆን ትወጣለች።» ወደ ማድቤት ገብተው ትልቁን የብረት ኩባያ ይዘው መጡ፤ ጭስ እንዳይወጣበት ይመስል አፉን በእጃቸው ከድነውታል። ግራዝማች ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ካባቸውን አሰቡ፤ ስማቸውን አሰቡ፤ ይሁን አሉ። ኩባያው ተሞላ። «ዝጊባት፤ እስክትጨርስም ቁሚባት» ሲሉ አዘዙ፤ ይህን ቃል በቀጥታ ለምራታቸው ነው የተናገሩት፤ ስለ ድመት ሲሆን አማላጅ አያስፈልግም።

አባይነሽ ልጇን እንዳዘለች ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ድመቷ መስኮቱ ላይ ወጥታ መዝጊያውን ትቧጥጣለች። ከአዲስ ዓለም በኩል አዛን ይሰማል፤ ከሐዲጃ ቤት የሾርባ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። አባይነሽ ኩባያውን መሬት ልታኖር ጎንበስ ስትል ሌላ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። የወይራ ጭስ ነው። ኩባያው ታጥኗል። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በእናቷ ቤት፣ ለአራስና ለሚከበር እንግዳ የወተት ዕቃ እንዲህ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ለድመት ኩባያ ያጠነ ሰው ግን ከተወለደች አይታ አታውቅም። በበሩ ቀዳዳ ብታይ፣ ወይዘሮ ይመኙሽ በርጩማቸውን በሩ ላይ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለጓዳው ፊታቸውን ለባላቸው ሰጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። በዚያ ጀርባ በኩል ለማለፍ እንኳን ግራዝማች ጦርም አይደፍር።

አባይነሽ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተችው፤ ድመቷ አንዴ ዘልላ ወደ ሐዲጃ ቤት ወረደች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ኩባያውንም በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። እያለቀሰች ጠጣች፤ ማልቀሷ ግን የኀዘን ብቻ አልነበረም። ከሥሩ የቀረውን በሳጥኑ ውስጥ ላሉት የድመት ልጆች በማሰሮ ክዳን አፈሰሰችላቸው፤ እነሱም እየተገፋፉ ላሱት።

ስትወጣ ግራዝማች ኩባያውን ተቀብለው ገልብጠው አዩት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«አለቀ?»

«አልቋል አባባ።»

«ድሮስ! እንስሳ የሚያስፈልገውን ነገር በቤቱ ካገኘ ሰው ደጅ ምን ያንከራትተዋል? ዋናው ነገር አያያዝ ማወቅ ነው» አሉ ግራዝማች፤ አባ ከሄዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። «ነገም እንዲሁ ይሰጣት።»

አባይነሽ ጥግ ይዛ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጡቷን አጎረሰቻት። ወይዘሮ ይመኙሽ እንዝርታቸውን ያሾራሉ፤ ወደ ምራታቸውም ወደ ባላቸውም አላዩም።

«እንቁላልም ይወዳሉ አሉ፣ የሚያጠቡ» አሉ።